እሰር እና ፍታ

አዘዞ ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ። የጋራዡን ቆርቆሮ
ዝናብ ይወቅረዋል፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ፣ ውሎ አድሮ።
መኪናዬ በክሪክ ላይ የፊት እግሮቿን አንሥታ
ጭቃ ታንጠባጥባለች፣ የወገራን ስጦታ።

አዛናው ከሥሯ ተኝቷል፤ አይናገርም፣ ያዳምጣል፤
እኔ ደግሞ ከላይ ቆሜ፣ ወሬዬ እንደ ጣሪያው ያፈስሳል፦

«ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ መንገዱን ጭቃ ሲውጠው፣
ማንሻውን ወደ አራት ጣልኩ፤
አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ፤ ልቤም ሳይጠይቅ አመነው።
ነዳጅ ብሰጥ፣ የፊቶቹ እንደ እንግዳ ቆመው አዩን፤
የኋላዎቹ ብቻ ቆፈሩ፣ እስከ ባሊስትራው ድረስ፣ መቃብራችንን።
ከኋላ የክትባት ሳጥን፣ በረዶው ሰዓት እየቆጠረ፣
ከላይ ደመናው ሌላ ዝናብ እየቋጠረ…
መጨረሻ አንድ ገበሬ መጣ፤ ቀንበር ይዞ፣ ሳይቸኩል፤
መቶ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት በሁለት በሬ ተጎተተ» ስል፣

አዛናው ከሥር ሳቀ።
«መብራቱ የሚያውቀው ማንሻውን ነው፣ ጎማውን አይደለም፤
ትእዛዝ መውጣቱን ይነግርሃል፣ መድረሱን አይነግርህም።»

የዲፈረንሻሉን ዘይት በጣቱ አሸ፣ አሸተተ፤ ውሃ አልነካውም።
ሽቦውን ተከትሎ ሄደ፤ አይጥ የበላው አላገኘም።
ክሮቼራዎቹን ነቀነቀ፤ አንዱም አላጉረመረመም።
ያኔ፦ «ትርንጎ! ጠመኔ!»

ትርንጎ ዘንድሮ ነው ከቴክኒክና ሙያ የወጣች፤
የቱታዋን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፋ መጣች፤
በሁለቱ ጎማዎች ላይ ነጭ መሥመር አሰመረች።
ግራውን በእጇ አሽከረከረች።
ቀኙ በተቃራኒው መዞር ነበረበት፤ አልዞረም።
መሥመሩ እዚያው ቀረ፣ ባትሪ እንዳለቀበት ሰዓት፣ ዝም።
«ቀኙ ነው የማይዘው» አለች።

«አየህ» አለኝ አዛናው፣ «ዲፈረንሻል የዋህ ዳኛ ነው፣
ለሰነፉ ነው የሚፈርደው፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ለቀቀው ነው።»

ስድስት ቡሎን ተፈታ፤ የመቆለፊያው ሆድ ታየ፤
ስፕሪንጉ ለሁለት ተሰብሮ፣ ግራሶው ደርቆ ሰም መስሎ ቆየ።
«ሰሙን አገኘን፤ ወርቁስ?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።
ማንም አልሳቀም።
«ለመጨረሻ ጊዜ ያሰርከው መቼ ነው?»
ቆጠርኩ። አምና፣ ነሐሴ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፤
በጋውን በደረቅ መንገድ ስከንፍ ትዝም አላለኝም።
አፈርኩ። ለታላቅ ወንድሜም የምደውለው ሲቸግረኝ ነው።
ይህን ግን አልተናገርኩም።

ከግቢው ጥግ ዶሮ የሚያድርባት ጎማ አልባ መኪና አለች፤
ትርንጎ ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቃ ስፕሪንግ ይዛ ተመለሰች።
ብረቱ በናፍጣ ታጠበ፣ በአዲስ ግራሶ ተለወሰ፤
በክዳኑ ላይ የነበረውን የፈረንጅ ፊደል ጠጠር ልሶት ጨረሰ፤
እሷም በሚስማር ጫረችበት፦ ወደ ቀኝ «እሰር»፣ ወደ ግራ «ፍታ»።
ይህ ሥልጣን የካህን ነበር፤ ለእኔ ደረሰኝ
በሚስማር፣ በጋራዥ፣ ከቅባታም ቱታ።

በማግሥቱ ዳባትን ሳልፍ በረዶ መንገዱን አልብሶታል።
ወረድኩ። ጣቴን ቆፈን ይዞታል።
ግራውን ወደ «እሰር»፦ ቀጭ።
ቀኙን ዞሬ ደረስኩበት፣ ጎንበስ አልኩ፦
ቀጭ።
መብራቱን አላየሁትም። በመስኮት አንገቴን አወጣሁ፤
የፊት ቀኝ ጎማ ጭቃውን ሲነክስ፣ ሲያላምጥ፣ ሲጎትተን አየሁ።

ደባርቅ ስገባ የሳጥኑ በረዶ ገና አልተነካም።
ለወንድሜ ደወልኩ።
«ምን ሆንክ?» አለ፣ ደንግጦ።
«ምንም።»
ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፤
ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ሰማን፣
እሱ የእሱን፣ እኔ የእኔን።